ሞርፊንና ትራማዶል ለሚወስዱ ሰዎች በስልክ የሚሞላ መጠይቅ፦ ወሎ ላይ እንዴት ይሥራ?

የሆጤ ሲስተር (ደሴ)

እንዴት ናችሁ የወሎ ልጆች? ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ነው፤ ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

የምሠራው ከባድ ህመም ያለባቸው ሰዎች በሚታዩበት ክፍል ነው። ካንሰር አለ፣ የተቆረጠ እግር አለ፣ በደንብ ያልገጠመ ስብራት አለ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ጥይትና ፍንጣሪ ትቶት የሄደው ህመም በዝቷል። ጠዋት ወረፋው ኮሪደሩን ይሞላዋል። ሐኪሙ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። «አሁንስ እንዴት ነዎት?» ይላል። «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይባላል። የሞርፊን ወይም የትራማዶል ማዘዣው ይጻፋል፤ ሁለቱም ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ናቸው። ሆዳቸው ሳምንት ሙሉ እንደደረቀ፣ ሌሊት ደግሞ ከጎረቤት የወሰዱትን የእንቅልፍ ኪኒን እንደደረቡበት የሚነግሩኝ ከወጡ በኋላ እኔ ጋ ሲቀመጡ ነው።

ሰዎቹ መደበቅ ፈልገው አይደለም። እኛ ዘንድ ለጠየቀህ ሰው መጀመሪያ የሚመለሰው ምስጋና ነው። ችግሩ የሚወራው ቀስ ተብሎ፣ ጨዋታው ሲረጋ ነው። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ግን ጨዋታ የሚረጋበት ጊዜ የለም።

በሌላ አገር ታካሚው ሐኪሙ ጋ ከመግባቱ በፊት በታብሌት ወይም በስልኩ ራሱ ጥያቄ ይመልሳል። አጭሩ መጠይቅ ፔግ ይባላል፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ህመምህ በአማካይ ምን ያህል ነበር? የኑሮ ደስታህን ምን ያህል ነሳህ? የዕለት ሥራህንስ ምን ያህል አስተጓጎለ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። ኦአርቲ የሚባለው ደግሞ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የሱስ ስጋትን ለመገመት የወጣ ነው። ከተጀመረ በኋላ የሚሞላው ኮም 17 ጥያቄ አለው፤ ያለፉትን 30 ቀናት ይጠይቃል። ከታዘዘልህ በላይ ወስደሃል? የሌላ ሰው መድኃኒትስ? እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

እኔ የማስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወረፋ ጠባቂው አግዳሚ ወንበር ላይ ሳለ ይመልስ። ሁለተኛ፣ ቤቱ ከገባም በኋላ በሳምንቱ በስልክ ይጠየቅ። ምክንያቱም መጠን ተጨምሮለት የሄደ ሰው አደጋ የሚገጥመው ቤቱ ነው እንጂ እኛ ፊት አይደለም። ቀጣዩ ቀጠሮ እስኪደርስ ማንም የሚያየው የለም። ምን ትላላችሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ፣ ፋርማሲስት)

ሲስተር፣ ያነሳሽው ነገር ትልቅ ነው። እኔ ግን ከመድኃኒት ቤት መስኮት የማየውን ልጨምር።

ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው፤ የሚቀመጠውም በቁልፍ ነው። ብዙ ሰው እጅ የሚገባው ትራማዶል ነው። ሰው እንደ ተራ የራስ ምታት ኪኒን ነው የሚያየው። ከሞርፊን ጋር አንድ ወገን መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ያለ ማዘዣ «አንድ ስትሪፕ ስጠኝ» ብሎ የሚቆም ወጣት አለ፤ ስከለክለው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ሆስፒታል ያልረገጠውን ሰው የሆስፒታሉ ታብሌት አያገኘውም። ይህን ከወዲሁ እንወቀው።

ማዘዣ ይዞ ለሚመጣውም ቢሆን እኔ የምፈልጋቸው መልሶች አሉ። ትራማዶል ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ከዚያ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ በታዘዘው መጠንም ያሰጋል። እንደ ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋርም አይስማማም። አሚትሪፕቲሊን እኛ አገር ለነርቭ ህመምም ስለሚታዘዝ ሁለቱን ከሁለት ሐኪም ተቀብሎ አንድ ላስቲክ ውስጥ ይዞ የሚመጣ ሰው አያለሁ። ዳያዜፓም የሚባለው የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን ሲጨመር ደግሞ እንቅልፍና ትንፋሽ ላይ ነው አደጋው።

ስለዚህ መጠይቁ ላይ «ሌላ ምን ኪኒን ትወስዳለህ?» ብቻ አይበቃም። ሰው የኪኒን ስም አይዝም። «ላስቲኩን አምጣው፣ ፎቶ አንሳው» ይባል። ስልኩ ካሜራ ካለው ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌለውም ላስቲኩን ይዞ ይምጣ።

የተንታ ልጅ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ አስታማሚ ነበርኩ። አባቴ በካንሰር ነው የሞተብኝ።

እናንተ ስለ ብዙ መድኃኒት ስታወሩ እኔ የማስታውሰው ማጣቱን ነው። አባቴ ጥርሱን ነክሶ ሌሊቱን ሲያድር እያየሁ «አልቋል፣ ሲመጣ እንደውላለን» ይሉኝ ነበር። ባለሙያዎቹም መድኃኒቱን ይፈሩታል። «ሱስ ይሆንበታል» ያለኝ ሰው ነበር። የቀረው ዕድሜ ጥቂት ለሆነ ሰው!

አሁን እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ሲመጣ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው ይባረራል። «ማሽኑ አደገኛ ነህ ብሎሃል» ይባላል። የገጠር ሰው ደግሞ አይከራከርም፤ ፎጣውን አስተካክሎ ይወጣል። ሲስተር፣ ይህ እንደማይሆን በምን ታረጋግጪልኛለሽ?

የመቻሬ ሐኪም (ወልድያ)

የተንታዋ እህታችን፣ ነፍሳቸውን ይማር። የጠየቅሽው ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ያየሽው ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው የኮሚሽን ሪፖርት ላይ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው ወደ 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. በዚሁ ወገን በሆኑ ነገሮች ከ80,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኛው በሕገወጥ ፋብሪካ በተሠራ ፈንታኒል ነው። መጠይቆቹ የተወለዱት እዚያ፣ መድኃኒቱ በፈሰሰበት አገር ነው። እዚህ መድኃኒቱ በሌለበት እንደ መዝጊያ ከተጠቀምንባቸው ሰው እንጎዳለን።

እነሱ ራሳቸው ምን አሉ? ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ ላይ የስጋት መጠይቆች የመተንበይ አቅማቸው ውስን እንደሆነ ገልጾ፣ ሐኪሙ ከሚገባው በላይ እንዳይተማመንባቸው ያሳስባል። የካንሰር ህመምን፣ የማስታገሻ እንክብካቤንና የሕይወት መጨረሻ እንክብካቤንም ከመመሪያው ውጭ አድርጓል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይሁን፦ በካንሰር ለሚሰቃይ ሰው የሱስ ነጥብ አይሰላም። እሱ የሚጠየቀው «ህመሙ ታገሰልህ? ተኛህ? ሆድህ ሄደ?» ነው።

ኦአርቲን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ በልጅነቷ የወሲብ ጥቃት የደረሰባት ሴት 3 ነጥብ ይደመርባታል፤ ለወንድ 0 ነው። ማለትም የተበደለችው ሴት መድኃኒት ለማግኘት ይከብዳታል ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ቅጂ ላይ ጥያቄው ወጥቷል። እኛ ስንተረጉም አሮጌውን ቅጂ እንዳናመጣ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወንድሟ ወይም ባሏ በያዘው ስልክ ላይ ብቅ ቢል ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ መጠይቁ ለምን ይጠቅማል? እኔ ሁለት ቦታ ላይ ነው የምፈልገው። አንዱ መጠን ከተጨመረ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ሰውዬው ሲጠሩት ቶሎ ይነቃል? ትንፋሹ ቀርፋፋ ሆኗል? ሽንቱ ቀንሷል? ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሞርፊን በሰውነቱ ይጠራቀምበታል፤ ትናንት የተስማማው መጠን ከሳምንት በኋላ ሊበዛበት ይችላል። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ማወቅ ነው። ፔግ ላይ ወደ 30 በመቶ ያህል መቀነስ ትርጉም ያለው ለውጥ ተብሎ ይወሰዳል። ወር ሙሉ ትራማዶል ወስዶ ነጥቡ ካልተነቃነቀ መጠን ከመጨመር ይልቅ ሌላ መንገድ መፈለግ አለብኝ። ይህን በጽሑፍ ካላየሁት፣ በወረፋው ግርግር ያንኑ ማዘዣ መልሼ እጽፋለሁ።

ከቆቦ በር

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ራሴ ታካሚ ነኝ። እግሬ የለም። የሌለው እግሬ ግን ያመኛል፤ ይህን ለሚያምነኝ ሰው ብቻ ነው የምናገረው።

እውነቱን ልንገራችሁ። ትራማዶል ከታዘዘልኝ በላይ የወሰድኩበት ጊዜ ነበር። ሲስተሯን ፊት ለፊት እያየሁ አልነገርኳትም። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ነርሷ ደግሞ ታናሽ እህቴን ታክላለች። ማሽን ቢሆን ግን እመልስ ነበር። ማሽን አያፍርብህም፣ አይደነግጥብህም።

ግን መልሴን ማን ነው የሚያነበው? ካርድ ክፍል ያለው ልጅ የሰፈሬ ልጅ ነው። ያ ወረቀት ወይም ያ ስክሪን እሱ ፊት የሚከፈት ከሆነ ዜሮ ዜሮ እያልኩ ነው የምሞላው።

ሐይቅ ዳር ያደግኩት (ሜሪላንድ)

ወንድማችን የተናገርከው በጥናትም የታየ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ወጣት ወንዶች በጆሮ ማዳመጫ ጥያቄውን ከኮምፒውተር እየሰሙ ሲመልሱ፣ በወረቀት ከሚሞሉት ይልቅ የሚያሳፍሩ ነገሮችን በብዛት ተናግረዋል። ጥያቄው በድምፅ ስለሚመጣ ማንበብ ለማይችል ሰውም ይሆናል። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የምትነካውን ቁጥር ቢያይ እንኳን ጥያቄውን አይሰማም።

እኔ እዚህ ነርስ ነኝ። ክሊኒካችን ውስጥ ታካሚው ሲገባ ታብሌት ይሰጠዋል። ጥሩ ጎኑ እንዳለ ሆኖ ሁለት ችግር አያለሁ። አንደኛው፣ ሰው የትኛው መልስ መድኃኒት እንደሚያስከለክለው ቶሎ ይማራል። መልሱ ለቅጣት እንደሚውል ካወቀ እውነቱን መናገር ያቆማል፤ ይህ የሰው ባሕርይ ነው። ሁለተኛው፣ ተሞልቶ የማይነበብ ብዙ ነው። «ራሴን ባጠፋ ይሻለኛል» የሚል መልስ ማታ ገብቶ ሰኞ ቢነበብ ምን ዋጋ አለው? የድብርት መጠይቁ ፒኤችኪው ዘጠኝ የመጨረሻ ጥያቄው ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። የሚያነብ ሰው ሳትመድቡ ጥያቄውን አታስገቡ፤ እለምናችኋለሁ።

ኮድ ከጦሳ ስር (ደሴ)

ሰላም። እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ስለ ቴክኒኩ ትንሽ ልበል።

አፕ ካላችሁ ስማርት ስልክ የሌለውን ሰው ትታችሁታል። በወረኢሉ ወይም በደላንታ ገጠር ያለው ሰው ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፤ ዳታውም ይቆራረጣል። የሚሠራው በጥሪ ነው። ስልኩ ይደውልለታል፣ በአማርኛ ይጠይቀዋል፣ ቁጥር ይጫናል። ገበሬው ይህን ለምዶታል፤ 8028 ላይ ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ቁጥር እየተጫነ ምክር ሲሰማ ኖሯል። ጥሪው ታካሚውን ሳንቲም ማስከፈል የለበትም። ቋንቋውም አማርኛ ብቻ አይሁን፤ ለከሚሴ አፋን ኦሮሞ፣ ለሰቆጣ ኽምጣንኛ ያስፈልጋል።

የቆቦው ወንድማችን ለጠየቀው፣ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1321/2016 ነው። የጤና መረጃን ከሌላው ለይቶ ይጠብቀዋል። በአሠራር ደረጃ መልሱን ካርድ ክፍል ጨርሶ እንዳያየው ማድረግ ይቻላል፤ ለሚያክመው ሐኪምና ለክትትል ነርሷ ብቻ ይከፈታል። ማን መቼ እንደከፈተውም ይመዘገባል። ስልኩ ላይ ደግሞ ጥያቄውም መልሱም አይቀርም፤ ጥሪ ስለሆነ የሚነበብ መልእክት የለም። ለዚህም ነው ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ ጥሪን የምመርጠው። ጥሪው ሲነሳ ግን መጀመሪያ የታካሚውን ምስጢር ቁጥር ይጠይቅ፤ ስልኩ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

የቃሉ ሰው

አሰላሙ ዓለይኩም። በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ የምበልጥ ይመስለኛል። አንድ ነገር ላንሳ።

«ሱስ አለብዎት?» ብላችሁ የቃሉን ሽማግሌ ብትጠይቁ «የለብኝም» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ጫቱን የሚቅመው ዱዓ ላይ ነው፤ እሱ ዘንድ ሱስ የሚባል ነገር አይደለም። እንደዚሁ የክርስቲያኑ ጎረቤቴ «መጠጥ ይጠጣሉ?» ሲባል አይጠጣም። ጠላ ግን በየማኅበሩ አለ። የበደሉት ነገር የለም፤ እናንተም እንዳታሳፍሯቸው። «ጫት በሳምንት ስንት ቀን ይቅማሉ? ጠላ ወይም አረቄ የጠጡ ቀን መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በአክብሮት ከሆነ የወሎ ሰው ይመልሳል።

ድምፁም የልጅ ድምፅ አይሁን። ረጋ ያለ፣ «እርስዎ» የሚል የአዋቂ ድምፅ ይሁን። መጀመሪያ ሰላምታ ይስጥ፤ ከዚያ ይጠይቅ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ፣ ፋርማሲስት)

አባባ፣ ወዓለይኩም ሰላም። ትክክል ነው። የጠላውንና የአረቄውን ነገር ደግሞ ከሱስ ጋር ሳይሆን ከትንፋሽ ጋር ነው ማያያዝ ያለብን። አልኮልና ሞርፊን ሁለቱም ትንፋሽን ያዘገያሉ። ለዚህ ነው የምንጠይቀው ብለን ምክንያቱን አብረን ብንነግራቸው መልሱ የበለጠ ይታመናል።

የሆጤ ሲስተር (ደሴ)

ወላሂ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የተንታዋ እህቴ፣ መልሴ ይኸውና። ነጥብ ብሎ ነገር ታካሚው ፊት አይወጣም። መጠይቁ መድኃኒት የመከልከል ሥልጣን አይኖረውም። ከፍ ያለ ስጋት የታየበት ሰው የሚያገኘው ተጨማሪ ክትትል ነው፦ በአጭር ቀጠሮ መምጣት፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ኪኒን መውሰድ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒቱን የሚይዝለት የሚያምነው ሰው፣ ካስፈለገም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ መገናኘት። ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ ሥራውን አልጀምርም። ለአለቆቼም የምናገረው ይህንኑ ነው።

ዶክተር፣ ኦአርቲን ትቼዋለሁ። የምይዘው ፔግን ነው፤ ከእሱ ጋር የሆድ ድርቀት፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ የትንፋሽ፣ የሌላ ኪኒን፣ የጫትና የጠላ ጥያቄ ይጨመራል። ከ0 እስከ 10 ያለውን ግን ትምህርት ቤት ያልገቡ እናቶች ይቸገሩበታል። በአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር መጠይቅ ላይ በእጅ ጣት ከ0 እስከ 5 የሚቆጠር አለ፤ የተጨበጠ እጅ ማለት ምንም የለም፣ አምስቱም ጣት ሲዘረጋ ከሁሉ የባሰው ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ይህን እንጠቀማለን። ስልኩም ላይ ከ0 እስከ 5 ይጫናሉ።

የድብርቱን መጠይቅ በስልክ አላደርገውም። እሱ እኔ ፊት፣ በሩ ተዘግቶ ነው የሚጠየቀው።

አሁን ያልፈታሁት አንድ ነው። ሌሊት «ሲጠሩት አይነቃም» የሚል መልስ ቢመጣስ?

የመቻሬ ሐኪም (ወልድያ)

ለዚህ መልስ ማሽኑ እስኪነበብ መጠበቅ የለበትም። ያ ቁጥር እንደተጫነ ወዲያው ለአስታማሚው በድምፅ ይናገር፦ ቀጣዩን መድኃኒት አትስጡት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ስሙን እየጠራችሁ ቀስቅሱት፣ አሁኑኑ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያ ጥሪው ወደ ተረኛው ስልክ ይዙር። ጤና ጣቢያው ደግሞ ናሎክሶን ያስፈልገዋል። የሞርፊንን ጉዳት የሚቀለብሰው መድኃኒት እሱ ነው። ግን ኃይሉ ሰውነት ውስጥ ከሞርፊን ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል የተወጋው ሰው ቢነቃም ወዲያው ወደ ቤቱ አይሸኝም። እኔ ባለሁበት ወረዳ ናሎክሶን የት እንዳለ የት እንደሌለ አጣርቼ እዚሁ እጽፋለሁ። አንቺም በደሴ ዙሪያ አጣሪ። የሌለበትን ቀበሌ ታካሚ በስልክ ብቻ አንከታተል፤ መጠን የሚጨመርለት ሆስፒታል ተኝቶ ይሁን።

በካንሰር ጠና ያለ፣ ቤቱ ሊያርፍ የመረጠ ሰው ላይ ግን ይህ መመሪያ ሌላ ነው። እሱ መተኛቱ የበሽታው መንገድ ሊሆን ይችላል። ለእነዚያ ቤተሰቦች ሌላ ድምፅ ይቀዳ፤ ወደ ነርሷ ብቻ ይደውል።

የተንታ ልጅ

ሲስተር፣ ዶክተር፣ እንደዚህ ከሆነ እኔም አለሁበት። ለአስታማሚ የሚነገረውን ድምፅ ስትቀዱ አስታማሚ ምን እንደሚገባው፣ ምን እንደሚያስደነግጠው ልነግራችሁ እችላለሁ። «ሱስ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ እንዳይገባ።

ከቆቦ በር

እኔም ለመሞከር ዝግጁ ነኝ። ካርድ ክፍሉ እንደማያየው አንድ ሰው በወረቀት ይፈርምልኝ እንጂ፣ ሁሉንም በእውነት እመልሳለሁ።

የሆጤ ሲስተር (ደሴ)

አብሽር፣ እኔው እፈርምልሃለሁ።

ሌላ የምጠይቀው፦ ኽምጣንኛና አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ ካላችሁ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ግር የሚለውን ንገሩኝ። ከመቅዳታችን በፊት ነው የምፈልገው።

ሰቆጣ 21

እኔ ከዋግ ነኝ፤ ላኪልኝ። ከወዲሁ ግን አንድ ልበልሽ፦ «ባለፉት ሰባት ቀናት» አትበይ። ቀን የሚቆጥር የለም። «ካለፈው ገበያ እስከ ዛሬ» በይ፤ የየአካባቢውን የገበያ ቀን እኔ እሞላልሻለሁ።